የቄስ አምብሮስ የጋብቻ ማስታወቂያ

ቄስ አምብሮስ ፌልትዌል የቶማዚንን በር ያንኳኳው ቢራ በምትጠምቅበት ቀን ነበር። እጇን እስከ ክርኗ ብቅል ውስጥ እንደነከረች ቀና ብላ አየችው። አዲስ ጥቁር ካባ ደርቧል፤ ጢሙንም ተስተካክሏል። በዌልሃም መንደር፣ ቄስ ቢራ ሲያምረው ሰው ይልካል እንጂ ራሱ አይመጣም። ሌላ ነገር ፈልጎ እንደመጣ ወዲያው ገባት፤ ደሟም ወዲያው ፈላ።

«እንደምን ከረምሽ፣ ቶማዚን?»

«ከቤተ ክርስቲያንህ ድንጋይ ቢወረወር እዚህ ጓሮ ያርፋል» አለችው። «እንደምን እንደከረምኩ ለመጠየቅ ዐሥር ዓመት ፈጀብህ?»

«ቁጭ ልበል?»

«ቁም።»

ቆመ። እሷም ጀርባዋን ሰጥታው ማማሰሏን ቀጠለች።

ይህ ሰው ባሏ ነበር። ያ ልጅ እግር ንጉሥ በነገሠበት ዘመን ለእንግሊዝ ቄሶች ማግባት ሲፈቀድላቸው፣ አምብሮስ ማንም ሳይቀድመው፣ በዚችው በዌልሃም ቤተ ክርስቲያን፣ ሕዝብ እያየ አገባት። ያኔ ለግላጋ የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበረች። እሱ መስበኪያው ላይ ወጥቶ «ጋብቻ ክቡር ነው» እያለ ሲጮህ ከልቡ መስሏት ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ኦድሪን ወለዱ። ከዚያ ንጉሡ ሞተ፤ እኅቱ ነገሠች፤ የሮማ ሃይማኖትም ተመለሰ። ሚስት ያለው ቄስ ሁሉ ከሚስቱና ከደብሩ አንዱን ይምረጥ ተባለ። አንዳንዱ ሚስቱን ይዞ ባሕር ተሻገረ፤ አንዳንዱ ቀሚሱን አውልቆ ሸማኔ ሆነ። አምብሮስ ደብሩን መረጠ። ነጭ አንሶላ ተከናንቦ፣ ባዶ እግሩን፣ ሻማ ይዞ ምእመናኑ ፊት ቆመና «ይህች ሴት ቁባቴ ነበረች እንጂ ሚስቴ ሆና አታውቅም» ብሎ ማለ። ቶማዚን ሕፃኗን አቅፋ፣ በስተኋላ ከጥምቀቱ ገንዳ አጠገብ ቆማ ሰማችው። ሻማው እጁ ላይ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

እሱን ወደ ሌላ ደብር አዛወሩት። እሷ ግን ስድቡ ካለበት ቦታ ቀረች። ዳቦ ጋጋሪዋ ማርጀሪ፣ ድሮም ቄስ ማግባቱ እንደ እሳት ያቃጥላት የነበረችው፣ ውኃ መቅጃው ላይ ባገኘቻት ቁጥር «የቄስ ውሽማ! ዞር በይልኝ፣ እንስራዬን እንዳታረክሽው» ትላት ነበር። ያቺ ንግሥትም በተራዋ ሞተችና ታናሽ እኅቷ ነገሠች፤ የሮማም ነገር አበቃ። አምብሮስ መጽሐፉን ለውጦ፣ ስብከቱን ገልብጦ፣ ዌልሃምን መልሶ እጁ አስገባ። ሚስቱን ግን አልመለሰም። አዲሷ ንግሥት ያገባ ቄስ ማየት አትወድም ሲባል ሰምቶ ነበርና ነገሩ እስኪለይለት ልጠብቅ አለ። እሱ ሲጠብቅ ኦድሪ አደገች። ቁርባን ሲያቀብላት የሌላ ሰው ልጅ እንደሚያይ ሆኖ ያያት ነበር። ቶማዚን ሚስትነቷን ብቻ ቢክዳት ኖሮ ምናልባት ዘመን ገፋው ብላ ትተወው ነበር፤ ይህንን አስተያየት ግን መቼም ይቅር አላለችውም።

«አዲሱ ጳጳስ ባለ ትዳር ናቸው» አለ አምብሮስ ከኋላዋ። «ያላገባ ቄስ ሲያዩ፣ ይኼ በሆዱ ሮማዊ ነው ይላሉ። እንደምታውቂው ሊቀ ዲያቆናቱ ሞተዋል። ለቦታው የእኔ ስም ተነሥቷል።»

«እንኳን ደስ አለህ። በሩን ስትወጣ ዝጋው።»

«ቶማዚን፣ እንጋባ።»

ማማሰያዋን ይዛ ዞረች። «ምን አልክ?»

«እንጋባ ነው ያልኩሽ።»

«እኔ እኮ አግብቻለሁ» አለችው። «ባሌ አንሶላ ተከናንቦ ጠፋብኝ እንጂ።»

«አትቀልጂ።»

«ማን ቀለደ? ዓይንህን በጨው አጥበህ ቤቴ ድረስ መጥተህ፣ ቀላጇ እኔ ሆንኩ?»

ጋኑ ውስጥ የፈላ ውኃ ነበር፤ ልትደፋበት አምሯት እንደነበር ኋላ ለልጇ ነግራታለች። ያላደረገችው ስለ ኦድሪ ብላ ነው። የቆዳ ፋቂው የራልፍ ልጅ ሉክ ኦድሪን ወዷት፣ እሷም ወዳው፣ ነገሩ አልቆ ሳለ ራልፍ «ዲቃላ በቤቴ አላስገባም» ብሎ እግሩን ተክሎ ነበር። በዌልሃም ማንም ኦድሪ የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ተናግሮ ዲቃላነቷን ሊያነሣላት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አሁን አዲስ ካባ ደርቦ ብቅሏ መሐል ቆሟል።

«አንድ ነገር ታደርጋለህ» አለችው። «በሰው ፊት ቆመህ፣ የመጀመሪያው ጋብቻችን እውነተኛ ጋብቻ ነበር፣ ኦድሪም በትዳር የተወለደች ልጄ ናት ትላለህ። እሱን ካልክ ከፈለግህ ደግመህ አግባኝ፣ ከፈለግህ ሊቀ ዲያቆናት ሁን፣ ከፈለግህ ሮማ ሄደህ ሊቀ ጳጳስ ሁን።»

አምብሮስ ጢሙን ዳሰሰ። «ቄስ የሚያገባትን ሴት መጀመሪያ ሁለት የአውራጃ ዳኞች መመርመር አለባቸው፤ የንግሥቲቱ ሥርዓት ነው። እዚያ፣ እነሱ ፊት፣ ሁሉንም እናገራለሁ።»

«ማል።»

«ማልኩ።»

የሱ መሐላ ምን ያህል እንደሚመዝን ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ማታ ለኦድሪ ስትነግራት ልጅቷ የአተር ሾርባዋን ወደ ጎን ገፋች።

«አመንሽው?»

«አላመንኩትም» አለች ቶማዚን። «ሌላ ምን አለኝ ታዲያ?»

ምርመራው የተደረገው ወደ አውራጃው ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ የባላባት ቤት ነበር። ሁለቱ ዳኞች ገበታ ላይ ነበሩ። አንደኛው ሥጋ የተሞላበት ቂጣ እየቆረሰ፣ ሌላው ለውሻው እየወረወረ፣ ቶማዚንን ገበያ የወጣች ባዝራ ይመስል ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ትሰክሪያለሽ?» አላት ቂጣ ቆራሹ።

«ጠማቂ ነኝ፣ ጌታዬ። ራሴ ከጠጣሁት ምን ልሸጥ ነው?»

ሳቁ። አምብሮስም ሳቀ፤ ሳቁ ደግሞ ከሁሉም በላይ አናደዳት።

«ቤትሽ አንዲት ልጅ አለች አሉ። የማን ናት?»

ቶማዚን ወደ አምብሮስ ዞረች። ጊዜው ይኸው ነበር። እሱም አላመነታም። «የወንድሟ ልጅ ናት፣ ጌቶቼ። እናትና አባቷ ሞተውባት፣ ይህች ደግ ሴት አሳደገቻት» አለ።

ቶማዚን ወንድም ኖሯት አያውቅም።

ሰውየው ለስብከት እንደሚዘጋጅ ሁሉ ለዚህም ተዘጋጅቶ እንደመጣ ገባት፤ ቃሉ ሲወጣ እንኳ አላደናቀፈውም። ያኔ ብትጮህ ማን ይሰማታል? የሚያውቋት ሰዎች ሁሉ ዌልሃም ናቸው፤ እዚህ ያሉት ሁለት የጠገቡ ሰዎችና አንድ ውሻ። ዳኞቹ «ጥሩ፣ ጥሩ» ብለው አሰናበቷቸው።

መንገድ ላይ እስኪወጡ ታገሠች። ከዚያ የበቅሎውን ልጓም ያዘችና አስቆመችው።

«ውረድ!»

«ቶማዚን፣ ሰው ያየናል።»

«ይየና! ልጅህን አባቷ ሞቷል አልክ። በቁምህ ሞትክባት! ምን ዓይነት ፍጡር ነህ አንተ?»

«ስሚኝ። የመጀመሪያውን ጋብቻ ካመንኩ ያን ጊዜ በሐሰት ምያለሁ ማለት ነው። በሐሰት የማለ ሰው ሊቀ ዲያቆናት ይሆናል? ሹመቱን ልያዝና፣ ከዚያ ለልጅቷ የመዳሪያ ገንዘብ እሰጣለሁ፣ የቆዳ ፋቂውንም አፍ በብር እዘጋለሁ።»

«ገንዘብ አልጠየቅኩህም። ስሟን ነው የጠየቅኩህ። እንደ አዲስ ከተጋባን እኮ ያኔ አልተጋባንም ማለት ነው። በገዛ ሠርጌ ልጄን ዲቃላ ላደርጋት ነው!»

አምብሮስ ተነፈሰ። ደክሞት ነበርና የደከመ ሰው እንደሚያደርገው እውነቱን ተናገረ። «ሌላ ሴት ማግባት አቅቶኝ ይመስልሻል? የአልድሪች መበለት አለች፣ ወፍጮ ያላት። ግን የጋብቻ ማስታወቂያው ሲነበብ፣ የሚከለክል ምክንያት የሚያውቅ ይናገር ሲባል፣ አንቺ ተነሥተሽ ሚስት አለው ትያለሽ። አንቺን ካገባሁ ግን ማን ይነሣል? በራስሽ ሠርግ ላይ መቼም አትነሺም።»

ቶማዚን ልጓሙን ለቀቀችው።

ለካ እሷን የፈለገው አፏን ለመዝጋት ኖሯል። ስለ ጳጳሱ የደረደረው ሁሉ ጌጥ ነበር። ያን ቀን ከአንጀቷ ተናደደች፤ ግን ንዴቱ እንደ ድሮው የሚያስለቅስ አልነበረም። ከበቅሎው ጎን ዝም ብላ ሄደች። አምብሮስ ዝምታዋን ሲያይ እሺ ያለች መስሎት እስከ ዌልሃም ድረስ ስለ ጳጳሱ ሚስት የወንበር ሽፋን አወራላት።

ማስታወቂያው ሦስት እሑድ መነበብ ነበረበት። የደብሩ ቄስ ራሱ ስለሆነ የራሱን ማስታወቂያ ራሱ ያነባል። የመጀመሪያው እሑድ ተነበበ፤ ቶማዚን አልተነቃነቀችም። ሁለተኛውም እንደዚያው አለፈ፤ ማርጀሪ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ፣ ውሽሚት» ብላ ስታላግጥባት እንኳ መልስ አልሰጠቻትም። ሦስተኛውን እየጠበቀች ነበር፤ ምክንያቱም በሦስተኛው እሑድ የጳጳሱ ዳኛ፣ የሕግ ሊቁ ዶክተር ሌሲ፣ የዕጩውን ሊቀ ዲያቆናት ስብከት ሊሰሙ ይመጣሉ ተብሏል።

መጡ። ከፊት በክብር ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ቀጭን፣ ጉንፋን የያዛቸው፣ መሀረባቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ሰው ናቸው። ራልፍም ሉክን አስከትሎ አለ። ኦድሪ እንደ ወትሮዋ ከኋላ፣ ገንዳው አጠገብ ቆማለች። አምብሮስ ነጩን ቀሚሱን ለብሶ መስበኪያው ላይ ወጣና በዚያ በሚያምር ድምፁ አነበበ።

«በእኔ በአምብሮስ ፌልትዌል፣ ሚስት በሌለኝ፣ እና ባል ባላገባችው በቶማዚን ጉድሪክ መካከል ሊፈጸም የታሰበውን ጋብቻ አስታውቃለሁ። ይህ ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው። ይህን ጋብቻ የሚከለክል ምክንያት የሚያውቅ ቢኖር ይናገር።»

መልስም ሳይጠብቅ ገጹን ገለጠ።

«እኔ አውቃለሁ» አለች ቶማዚን፤ ተነሥታ ቆመች።

አምብሮስ ጣቱ ገጹ ላይ እንደተጣበቀ ቀረ። ዶክተር ሌሲ መሀረባቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱ።

«ሙሽራዋ አይደለሽም እንዴ?» አሏት።

«ነኝ ጌታዬ። ሰውየው ግን ሚስት አለው። ሚስት ያለው ሰው ደግሞ ማግባት አይችልም።»

ቤተ ክርስቲያኑ ታመሰ። ዶክተሩ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙ። «ሚስቱ ማን ናት? የት ናት?»

«እዚሁ ናት። እኔ ነኝ።»

አንዱ ከኋላ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ አግዳሚ ላግዳሚ ዞረ። አምብሮስ ያንን ሳቅ እንደ ገመድ ያዘው። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምስኪኗ የሠርጉ ጭንቀት ነው...»

«ጭንቀት?» አለች ቶማዚን፤ ድምፅዋ ጣራውን ነካ። «እኔ ነኝ የተጨነቅሁት? አንተ እዚያ የቆምክበት ቦታ ላይ አንሶላ ተከናንበህ ስትክደኝ አልተጨነቅህም! ልጅህን ዐሥር ዓመት ሙሉ አፏ ላይ ቁርባን እያኖርክ፣ አንድ ቀን ስሟን ሳትጠራ ስትቀር አልተጨነቅህም! ጌታዬ፣ እኔና ይኼ ሰው እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጋብተናል። ቀለበቱ አሁንም አለኝ። ኦድሪ የትዳር ልጅ ናት። የወንድሜ ልጅ ናት ብሎ ለዳኞች ነግሯል፤ እናቴ ከእኔ ሌላ አልወለደችም፣ ዌልሃምን በሙሉ ይጠይቁ።»

«ምስክር አለሽ?» አሉ ዶክተሩ።

ቶማዚን ዞር ብላ አየች። ያጋባቸው ቄስ ሞቷል። እናትና አባቷ ሞተዋል። ከቀሩት አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ጣራውን ያያል። ያ ዝምታ ለዘመናት የኖረችበት ዝምታ ነበር፤ እዚያው ቆማ ሁሉንም አንድ በአንድ መሳደብ አማራት።

«እኔ ነበርኩ» አለች ማርጀሪ።

የተነሣችው በግድ ነበር፤ ፊቷ በቁጣ ቀልቷል። «እኔ ይቺን ሴት አልወዳትም። ቄስ ሲያገባ ማየትም አልወድም፤ ዛሬም ቢሆን ደስ አይለኝም፣ ጌታዬ። የዚያን ቀን ልበጠብጥ ብዬ ነው የሄድኩት። ግን ቀለበቱን ሲያደርግላት አይቻለሁ። ቃሉን ሲገባ ሰምቻለሁ። ኬኩን የጋገርኩትም እኔ ነኝ። ቢያስጠላኝም ሠርግ ነበር።» ወደ ቶማዚን ዞረች። «አትዪኝ እንደዚያ። ላንቺ ብዬ አይደለም።»

«እትዬ ማርጀሪ...» አለ አምብሮስ።

«ዝም በሉ፣ መምሬ! ሻማውንም ሲይዙ አይቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ነበርኩ!»

ዶክተር ሌሲ ተነሥተው ወደ መስበኪያው ተጠጉ። «ቄስ ፌልትዌል፣ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ጊዜ ምለሃል። መጀመሪያ ሚስቴ ናት ብለህ፣ ኋላ ሚስቴ አይደለችም ብለህ። አንዱ ሐሰት ነው። የትኛው?»

ቶማዚን አምብሮስን አየችው። ታውቀዋለች፤ ዓይኖቹ ወደ ግራ ሲሸሹ እያሰላ መሆኑን ታውቃለች። የመጀመሪያው ሐሰት ነው ካለ፣ አንዲት ልጃገረድ አታልሎ ያስወለደ ሰው ነው፤ ደብሩንም ያጣል። ሁለተኛው ሐሰት ነው ካለ፣ በሮማ ዘመን የተማለ መሐላ ዛሬ ማን ይቆጥረዋል? ሹመቱ ይቀራል፤ ደብሩ ግን ይተርፋል። ይህን ሁሉ ሲደምርና ሲቀንስ ፊቱ ላይ አነበበችው።

«ሚስቴ ናት» አለ በመጨረሻ። «ልጅቷም ልጄ ናት።»

የፈለገችው ቃል ይኸው ነበር። በሕዝብ ፊት፣ በጳጳሱ ዳኛ ፊት፣ ከራሱ አፍ ወጣ። ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ደስ አላላትም። እውነቱን እንኳ የተናገረው ስለሚያዋጣው ነበር፤ ይህ አንጀቷን አሳረራት። «አፈር ብላ» አለች በለሆሳስ፤ አጠገቧ ያሉት ሰሙ።

ኦድሪን ቤት ስትገባ ምጣዱ ፊት ቆማ አገኘቻት። ልጅቷ አልቅሳ ነበር፤ ዕንባዋ ግን ደርቋል።

«እስከ ዛሬ አባት አልነበረኝም» አለች ኦድሪ። «ዛሬ አባት ሰጠሽኝ፤ እሱ ደግሞ እሱ ሆነ።»

«ሌላ የለማ ልጄ» አለች ቶማዚን። «ቢኖር መርጬ አመጣልሽ ነበር።»

ኦድሪ ሳታስበው ሳቀች፤ ከዚያም ሁለቱም እየተሳሳቁ አምብሮስን እስኪደክማቸው ሰደቡት።

የሊቀ ዲያቆናቱ ሹመት ለሌላ ሰው ሆነ። የጳጳሱ ፍርድ ቤት መጸው ላይ የመጀመሪያውን ጋብቻ አጸና፤ አምብሮስን ስለ ሐሰት መሐላው ገሠጸው፤ ደብሩን ግን ተወለት። በማግስቱ እሱ የቶማዚን በር ድረስ መጥቶ፣ አሁን አዲሱን ካባ ሳይደርብ፣ «እንግዲህ ወደ ቤትሽ ነይ» አላት።

«ሚስትህ ነኝ አልኩ እንጂ መቼ እመጣለሁ አልኩ?» አለችውና በሩን ዘጋችበት።

ራልፍ ግን ቃሉን ማጠፍ አልቻለም። ዲቃላ አላስገባም ብሎ ነበር፤ ዲቃላዋ ጠፋች። የኦድሪና የሉክ የጋብቻ ማስታወቂያ በሚነበብበት የመጀመሪያ እሑድ ቶማዚን በቄሱ ቤተሰብ አግዳሚ ላይ፣ ከፊት፣ መስበኪያው ሥር ተቀመጠች፤ ኦድሪን ከገንዳው አጠገብ ጎትታ አምጥታ ጎኗ አስቀምጣታለች። ማርጀሪ ከኋላቸው «የት ገባሽ ደግሞ፣ ኮራሽ አይደል» እያለች ታጉረመርማለች።

አምብሮስ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ድምፁ እንደ ድሮው አላማረም።

«በሉክ፣ በቆዳ ፋቂው በራልፍ ልጅ፣ እና በኦድሪ ፌልትዌል... የዚህ ደብር ቄስ የአምብሮስ ፌልትዌልና የሕግ ሚስቱ የቶማዚን ልጅ... መካከል ሊፈጸም የታሰበውን ጋብቻ አስታውቃለሁ። ይህን ጋብቻ የሚከለክል ምክንያት የሚያውቅ ቢኖር...»

እዚህ ላይ አቆመ። ሳይፈልግ ዓይኑ ወደ ታች፣ ወደ ፊተኛው አግዳሚ ወረደ፤ የቤተ ክርስቲያኑም ዓይን ሁሉ ተከትሎት ወረደ።

ቶማዚን እጇን አጣጥፋ ቀና ብላ አየችው።

«ምን ታየኛለህ?» አለችው። «ቀጥል።»